ከድድ በታች ሳያዩ

የእህቴ ልጅ ጥርሷ መነቃነቁን መጀመሪያ የነገረችው ለእኔ ነው። ቡና እያፈላሁ ነበር። በርጩማዋን ወደ እኔ ስባ፣ አፏን በመዳፏ እንደሸፈነች፣ «እትዬ፣ እስኪ ይቺን ይንኳት» አለችኝ። ከታች ከፊት ካሉት ጥርሶቿ አንዷን በጣቴ ጫፍ ነካሁ። በክረምት ጭቃ ውስጥ እንደተተከለ ካስማ ወዲህና ወዲያ አለች። ልጅቷ 23 ዓመቷ ነው። አልወደቀችም፣ ማንም አልመታትም፣ ድዷን ታማ አታውቅም። ጥርሷን ያነቃነቀው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ በረዳት እጅ ሆሳዕና መናኸሪያ የደረሰ አንድ ካርቶን ነው። ካርቶኑ ውስጥ 28 ጥንድ ግልጽ ፕላስቲክ አለ። እሷ ዘጠነኛው ላይ ነበረች።

ቁጣዬ ይበርድ እንደሆነ ብዬ ሦስት ወር ቆየሁ። አልበረደም። ስለዚህ በቁጣዬ እጽፋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። አላይነር ይሉታል፤ ጥርስ ላይ ልክክ ብሎ የሚቀመጥ፣ ቀረብ ብለው ካላስተዋሉት የማይታይ ስስ ፕላስቲክ ነው። አላይን ቴክኖሎጂ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተቋቁሞ «ኢንቪዛላይን» በሚል ስም መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ዓለምን አዳርሷል። እያንዳንዱ ፕላስቲክ ከጥርሱ አቀማመጥ በጥቂቱ ተለይቶ ይሠራል፤ ያቺ ጥቂት ልዩነት ጥርሱን ትገፋዋለች፣ በአንድ ፕላስቲክ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል። በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሲሞላው ቀጣዩ ይተካል። ሽቦ የለውም፣ ለመብላት ይወልቃል፣ ሲስቁ አይታይም። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ለምን እንደምትመኘው ይገባኛል።

ግን ጥርስ እንጨት ላይ የተመታ ሚስማር አይደለም። በጥርሱ ሥርና በመንጋጋው አጥንት መካከል ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ጅማት አለ፤ ጥርሱን እንደ አልጋ ጠፍር ወጥሮ የያዘው እሱ ነው። ጥርስ ወደ አንድ ወገን ሲገፋ፣ በተጫነው በኩል ያሉ ሕዋሳት አጥንቱን ይበሉታል፤ በለቀቀው በኩል ያሉት ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ፕላስቲኩ ይገፋል እንጂ ጥርሱን ከቦታው የሚያዛውረው የሰውየው ሕያው አካል ነው። ግፊቱ ከበዛ፣ ወይም መንገዱ ላይ የተጋረጠ ነገር ካለ፣ ያው አካል ከአጥንቱ አልፎ የጥርሱን ሥር መብላት ይጀምራል። የተበላ ሥር ተመልሶ አይበቅልም። እንግዲህ ጥርስ አስተካክላለሁ የሚል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ከድዱ በታች ምን አለ?» ብሎ ነው። ይህን ዓይን አያየውም፣ የስልክ ካሜራ አያየውም፣ የጥርስ ቅርፅ የሚወሰድበት ሊጥም አያየውም። የሚያየው ራጅ ነው።

የእህቴን ልጅ ማንም ራጅ አላነሳትም። አላይነሩን የሸጠላት ሰውዬ በቴሌግራም ተዋወቃት፤ አንድ ቅዳሜ ሆሳዕና መጥቶ ሆቴል ያዘ። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ያንን ሊጥ አስነከሳት፤ ከፊትና ከጎን በስልኩ ፎቶ አነሳት፤ ግማሽ ክፍያውን ተቀበለ። «ራጅ አያስፈልግም ወይ?» ብላ ጠይቃዋለች፤ ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። «ላንቺ ቀላል ነው፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ያሰላዋል» አላት። እሷ ስትወጣ ስድስት ልጆች ኮሪደሩ ላይ ተራ ይጠብቁ ነበር። ከዱራሜና ከሾኔ የመጡም አሉባቸው። አንዷ ጥርሷ ምንም አልሆነም፤ ፍንጭቷን ልታስዘጋ ነው የመጣችው። ፍንጭቷን! እናቶቻችን የተመረቁበትን፣ ወንዱ ሁሉ የተንሰፈሰፈለትን ፍንጭት በሽታ ነው ብሎ የነገራት ማን ነው? ያ ሰውዬ በጤናማ አፍ ላይ ጉድለት ፈልጎ ሲሸጥ፣ በታመመ አፍ ውስጥ ያለውን ጉድለት ግን ሳያይ አለፈ።

ገንዘቡን የላከው ወንድሟ ነው። እሱን አልወቅስም፤ በፍቅር ነው የላከው። ግን ያ ገንዘብ ምን ዓይነት ገንዘብ እንደሆነ ይታወቅልኝ። ልጁ ከሆሳዕና የወጣው በ19 ዓመቱ ነው። ስንቱ የሐዲያና የከምባታ ልጅ እንደሄደው በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ገባ። በዚያው መንገድ ላይ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በሚባለው ግዛት፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። የዚያን ሰሞን እዚህ ከተማ ልጅ በመንገድ ላይ ያለው ቤት ሁሉ እንዴት እንዳደረ እኔ አውቃለሁ። የእኛው በሕይወት ደረሰ። ከጆሃንስበርጉ የንግድ ሰፈር ከጄፒ ዕቃ እያወጣ ብርድ ልብስ ተሸክሞ ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ቤት ለቤት እየዞረ ሸጠ። ኋላ ሱቅ ከፈተ፤ ዛሬም በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቀምጦ በቀዳዳ ነው የሚሸጠው፤ ሌሊት በሩ በተንኳኳ ቁጥር የሚመጣው ገዢ ይሁን ገዳይ አያውቅም። ያንን ገንዘብ ነው ሰውየው ሆቴል ውስጥ ቆጥሮ ኪሱ የከተተው።

ካርቶኑ የደረሰው ሐምሌ ላይ ነው። መመሪያ የተባለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ልጅቷ ቃሏን ጠብቃ አደረገችው፤ ግን እስኪ በሆሳዕና ቤት ውስጥ 22 ሰዓት ከየት ይመጣል? ትኩስ ነገር ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ቡና ያቀልመዋል፤ ስለዚህ ቡና በተጠጣ ቁጥር ይወልቃል። በእኛ ቤት ቡና ማለት አንድ ሲኒ ተጠጥቶ የሚነሱበት ነገር አይደለም። አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ፤ ጠዋት አለ፣ ከሰዓት አለ፣ ጎረቤት ሲጠራ አለ። በመካከሉ ቆሎው፣ ቆጮው ይቀርባል። መስከረም ላይ ያሆዴ መጣ፤ ያሆዴን የማያውቅ የሐዲያን ቤት አያውቅም፤ ሥጋው፣ አጠካናው፣ ከግቢ ግቢ መዞሩ ስንት ቀን ነው! ፕላስቲኩ በሶፍት ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ዋለ። ከበዓሉ በኋላ መልሳ ስትጨምረው እምቢ አላት፣ በጥርሷ ነክሳ አስገባችው። ሰውየውን በስልክ ስትጠይቀው «ያመሻል እንጂ ችግር የለውም፣ ቀጣዩን አድርጊ» አላት። የሚያያት ሐኪም ቢኖር ኖሮ ያን ዕለት ያስቆማት ነበር። ጥርሱ በዕቅዱ መሠረት አልሄደም ማለት እኮ ነው! ፕላስቲኩ ወደ አንድ ቦታ፣ ጥርሱ ሌላ ቦታ።

ስትነግረኝ በማግስቱ ይዣት በቡታጅራ በኩል አዲስ አበባ ገባን። አንዲት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ደረስን። ሐኪሟ አፏን ካየች በኋላ ምንም ሳትናገር መላ መንጋጋዋን የሚያሳይ ራጅ አስነሳቻት። ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅላ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ በጣቷ አሳየችን። በታችኛው መንጋጋ በግራ በኩል ክራንቻዋ ድዷን ጥሶ አልወጣም፤ ቅርፁ ተበላሽቶ፣ አጥንቱ ውስጥ በጎኑ ተጋድሞ፣ አጠገቡ ያለችውን ጥርስ ሥር ተደግፏል። በቀኝ በኩል ደግሞ ክራንቻ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ያቺ የምትነቃነቀው ጥርስ ሥሯ ግማሽ ድረስ ተበልቷል። አራት ወር ሙሉ ፕላስቲኩ ያንን ሥር በተጋደመው ጥርስ ላይ ሲጭነው ኖሯል።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ሕፃን ሆና ግግ ወጥቶላት ነበር?» አለችኝ።

እግሬ ከዳኝ። ወጥቶላታል። እግሯን የያዝኩት እኔ ነኝ።

የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው የአያቴ ግቢ፣ ከእንሰቱ ጓሮ አጠገብ። ልጅቷ ሰባት ወሯ ነው፤ ተቅማጥና ትኩሳት ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነበር፤ እህቴ ታለቅሳለች። አንዲት አሮጊት ተጠርታ መጣች። የሕፃኗን ድድ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ ክራንቻ የሚበቅልበት ቦታ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠውን አሳየችን፤ «ግግ ነው፣ ትል አለበት፣ ካልወጣ ይገድላታል» አለች። ወስፌ ይዛለች። እህቴ ማየት አልቻለችም፤ የሕፃኗን እጅ ሌላ ሰው ያዘ፤ እግሯን እኔ ያዝኩ። ጩኸቷ እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አሮጊቷ ሁለት ትናንሽ ነጫጭ ነገሮች አውጥታ የእንሰት ቅጠል ላይ አስቀመጠችልን። «ትሉ ይኸው» አለች። አየሁ። አመንኩ።

ትል አልነበረም። ጥርስ ነበር። ገና ያልጠነከረ፣ ጊዜውን የሚጠብቅ የወተት ክራንቻ። የወተት ክራንቻ ድድ ጥሶ የሚወጣው ከ16 እስከ 20 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ በሰባት ወር ግን ከሥር ሆኖ ድዱን ወደ ላይ ገፋ ያደርገዋል፣ ያ ነጣ ያለው እብጠት እሱ ነው። ጤናማ ሕፃን ሁሉ አለው። ይባስ ብሎ ደግሞ ከዚያ የወተት ጥርስ ሥር የዕድሜ ልኩ ክራንቻ ከተወለደች በአራተኛና በአምስተኛው ወር መጠንከር ጀምሯል። ወስፌው ላይኛውን ሲፈነቅል ታችኛውንም ይወጋዋል። ተወግቶ ሊሞት ይችላል፤ እንደ ቀኙ። ቆስሎ፣ ተጣሞ፣ መንገዱን ስቶ ሊቀር ይችላል፤ እንደ ግራው። የጎደለውን ቦታ ሌሎቹ ጥርሶች ሊሞሉት ተንጋደው ይጠጉበታል። ትምህርት ቤት ልጆች ሲያሾፉባት፣ እሷ ለዓመታት አፏን በመዳፏ ሸፍና ስትስቅ፣ «ከማን ወጥቶባት ነው?» እያልን በዘር እናመካኝ ነበር። ከማንም አልወጣባትም። እኛው ነን ያደረግነው።

ተቅማጡስ? ስድስተኛው ወር ላይ ሕፃን ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፣ መዳህ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፤ ንጹሕ ውኃ በሌለበት ግቢ ተቅማጥ የሚመጣው በዚያው ወራት ነው። ድዱም የሚያብጠው በዚያው ወራት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ስለመጡ አንዱ የሌላው ምክንያት ተደረገ። ልጅቷን ያስፈልጋት የነበረው የጡት ወተት፣ ኦአርኤስና ጤና ጣቢያ ነበር። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ በ2006 ዓ.ም. የሮታ ቫይረስ ክትባት ጀምራለች፤ ለብዙ ሕፃናት ተቅማጥ ምክንያት የሆነውን ቫይረስ የሚከላከል፣ በነጻ የሚሰጥ ክትባት። ከድሮው ይልቅ ዛሬ ወስፌ የሚያነሳ እጅ ምንም ምክንያት የለውም። የሚያነሱ እጆች ግን አሁንም አሉ።

ዶክተሯ ፊልሙን እያሳየችን ሳለ አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ፣ ከዚያ ወዲህም አልለቀቀኝም። ይቺ ልጅ በዕድሜዋ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት በደል ነው የተፈጸመባት። በሰባት ወሯ አንዲት ሴት ከድዷ በታች ያለውን ሳታውቅ እጇን አስገባች። በ23 ዓመቷ አንድ ሰው ከድዷ በታች ያለውን ሳያይ እጁን አስገባ። ወስፌውና ፕላስቲኩ አይመሳሰሉም፤ አንዱ የዛገ ነው፣ ሌላው ያብረቀርቃል፤ አንዱ እንሰት ጓሮ ነው፣ ሌላው ቴሌግራም ላይ ነው። ሥራው ግን አንድ ነው።

ከሁለቱ ደግሞ የበለጠ የምቆጣው በሁለተኛው ነው። አሮጊቷ ራጅ አልነበራትም። ከእናቷ የወረሰችውን ታምናለች፤ የራሷን የልጅ ልጆችም እንዲሁ አድርጋለች። ያ ሰውዬ ግን የራጅ ክፍል በሞላበት ከተማ ይኖራል። ራጅ ማንሳት በክፍያ ጥቂት፣ በጊዜ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ለምን አላደረገውም? ራጅ ቢያነሳ ኖሮ «አንቺን አልችልሽም፣ ስፔሻሊስት ዘንድ ሂጂ» ማለት ግድ ስለሚሆንበት ነው። ያ ደግሞ ገቢውን ያስቀርበታል። አለማየቱ ነው ገበያው።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ ነው የሚል ካለ አሜሪካን ይመልከት። ስማይል ዳይሬክት ክለብ የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ተቋቋመ፤ ሰዎች ቤታቸው ሆነው የጥርሳቸውን ቅርፅ ወስደው በፖስታ ይልካሉ፣ ፕላስቲኩ በፖስታ ይመጣላቸዋል። የጥርስ ስፔሻሊስቶች አፉን በአካል ሳያዩ፣ ራጅ ሳያነሱ አይሆንም ብለው ጮኹ፤ ማን ሰማቸው? እ.ኤ.አ. በ2019 አክሲዮኑ ገበያ ወጣ፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ተተመነለት። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ኪሳራ አወጀ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሥራውን ጨርሶ ዘጋ። ሕክምናቸው መሃል ላይ የነበሩ ደንበኞች አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ የሚጠይቁት ሰው የለም፤ ለዕድሜ ልክ ተብሎ የተሰጣቸው ዋስትናም ቀርቷል። በየወሩ የሚከፍሉት ግን ክፍያችሁን ቀጥሉ ተባሉ! በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ባይት የተባለው ሌላ አላይነር በፖስታ የሚልክ ኩባንያ ሽያጩን አቆመ። ጠበቃና ተቆጣጣሪ በሞላበት አገር ሰው እንዲህ ከተጣለ፣ ከአንድ የቴሌግራም ስም በቀር አድራሻ የሌለው ሰው የሸጠላትን የሆሳዕና ልጅ ማን ያነሳታል?

ይህን ስናገር «ታዲያ ሐኪሙ በሌለበት ከተማ ምን ይደረግ? ከምንም ይሻላል» የሚሉኝ አሉ። የራሴ ዘመዶች ብለውኛል። መልሴ አይሻልም ነው! ልጅቷ ምንም ባታደርግ ኖሮ ዛሬ የተደራረበ ግን ጠንካራ ጥርስ ይኖራት ነበር። «ምንም» የተሻለ ነበር። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ልብስ ሊገዛ፣ ቪዛ ሊጠይቅ፣ ለቅሶ ሊደርስ ይሄድበታል። ካርቶኑ ተጭኖ የመጣበት አውቶቡስ ልጅቷን ይዞ መሄድ ያቅተዋል? አፌን ላሳይ፣ ራጅ ልነሳ ብላ አንድ ጊዜ ብትሄድ ኖሮ ያ የተጋደመ ክራንቻ ፕላስቲኩ ከመሠራቱ በፊት ይታይ ነበር።

ፕላስቲኩን ራሱን አልጠላውም። በሚያውቅ እጅ መልካም ሥራ ይሠራል፤ መጠነኛ መደራረብን፣ መጠነኛ ክፍተትን ያስተካክላል። የሚያውቅ እጅ ግን ብዙ ነገር ነው የሚያደርገው። አስቀድሞ የድዱንና የአጥንቱን ጤና ያያል፣ የተቦረቦረ ጥርስ ካለ ይሞላል፣ ከፊትና ከጎን ራጅ ያነሳል፣ ላይኛውና ታችኛው መንጋጋ እንዴት እንደሚገጥሙ ያጠናል። ፕላስቲኩ ብቻውን ይዞ ማዞር የማይችለው ጥርስ ላይ ትናንሽ ጉብታዎች ይለጥፋል። በየጥቂት ሳምንቱ ጠርቶ ጥርሱ ዕቅዱን ተከትሎ እንደሆነ ያያል፤ ካልተከተለ አቁሞ እንደገና ያቅዳል። ለአንዳንዱ አፍ «ይህ ላንተ አይሆንም፣ ሽቦ ነው የሚሻልህ» ይላል፤ ክፉኛ የዞረን ጥርስ ለመመለስ፣ ሥርን ከነአካሉ ለማንቀሳቀስ፣ አጥንት ውስጥ የቀረን ክራንቻ ስቦ ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ሽቦ ይበልጣል። ከጨረሰ በኋላም ጥርስ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ስለሚወድ ማታ ማታ የሚደረግ ሪቴይነር ይሰጣል፣ ለዓመታት። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ካርቶኑ የያዘው ፕላስቲኩን ብቻ ነው።

ሕጉም አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያን በቁጥጥር ሥር አድርጎታል። ሕክምና የሚሰጥ ሰውና የሚሰጥበት ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሆቴል አልጋ የጥርስ ክሊኒክ አይደለም! በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት የሰውን አካል መጉዳት ወንጀል ነው፤ ወስፌውም ከዚህ አያመልጥም። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ቢሮዎቹ ደጃችን ድረስ መጥተዋል። የምጠይቀው ግልጽ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በየሆቴሉ አፍ የሚከፍተውን ሰው ፈቃድህን አሳይ በሉት። በከተማችን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በሐዲያዋ ንግሥት በእሌኒ መሐመድ ስም የሚጠራ ትልቅ ሆስፒታል አለ። ጥርስ የሚያስተካክል ስፔሻሊስት እዚህ እንዲቀመጥ ማድረግ ዛሬ ባይቻል፣ በወር አንድ ጊዜ መጥቶ የሚያይ ይቻላል። ከሐዲያ፣ ከከምባታ፣ ከሃላባ የሚመጣውን ልጅ አሰልፎ፣ ራጁን አይቶ፣ ይህ ይሠራል፣ ይህ አይሠራም፣ ይህ ይቆይ የሚል አንድ ሰው። ውጭ ያሉት ልጆቻችን ለመቶ ካርቶን ከሚልኩት ገንዘብ ጥቂቱ ለዚህ ቢውል አይጠሉም፤ ጠይቄያቸዋለሁ።

ይህ ሕዝብ ልማዱን አይተውም የሚለኝ ደግሞ ዱራሜን ይጠይቅ። የከምባታዋ ልጅ ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ሆነው ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማን መሠረቱ። የሴት ልጅ ግርዛት የማይነካ በነበረበት አገር ሽማግሌውን፣ እናቱን፣ ወጣቱን፣ ገራዧን ሳይቀር አስቀምጠው አነጋገሩ። አልኮነኑም፣ አልሰደቡም፤ ሕዝቡ ራሱ አውጥቶ አውርዶ እንዲወስን ጊዜ ሰጡት። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ያልተገረዘች ሙሽራ ይህንኑ የሚናገር ጽሑፍ ደረቷ ላይ አድርጋ በሕዝብ ፊት ተዳረች። ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ሥራቸው ግን እዚያው አለ፣ የሚያዩት ሰዎች አሉ። ግርዛትን መተው የቻለ ሕዝብ ወስፌን መተው አያቅተውም። ስለ ግግ ግን ያንን ያህል አልጮኽንም። ቁስሉ በሳምንት ስለሚድን፣ ጉዳቱ ደግሞ ክራንቻ በሚበቅልበት ዕድሜ፣ ከዘጠኝና ከአሥር ዓመት በኋላ ስለሚታይ፣ ማንም አንዱን ከሌላው ጋር አላገናኘውም። በዚያ ጊዜ አሮጊቷ ሞታለች። እግር ይዛ የነበረችውም አድጋ ረስታለች።

እኔ ግን አሁን አስታውሻለሁ፤ ስለዚህ በምሄድበት ሁሉ እናገራለሁ። በዕድር እናገራለሁ፣ ሠርግ ቤት እናገራለሁ፣ ሕፃን ታቅፋ የማያትን ሁሉ አስቁሜ እናገራለሁ። ባለፈው ወር ጎረቤቴ ስድስት ወር የሆነውን ልጇን ይዛ መጣች፤ ተቅማጥ ይዞታል፣ አብረዋት የመጡት አማቷ ግግ የምታወጣ ሴት አስጠርተዋል። የእህቴን ልጅ ጠራኋት። ምንም አልተናገረችም፤ አፏን ከፈተችና ለአማትየዋ አሳየቻቸው። አማትየዋ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ራሳቸው ሕፃኑን ጤና ጣቢያ ይዘውት ሄዱ።

ፕላስቲኩ ቆሟል። ያቺ ጥርስ ከጎረቤቶቿ ጋር በቀጭን ሽቦ ታስራለች፤ ትቆይ አትቆይ የሚታወቀው በጊዜ ነው። የተጋደመው ክራንቻ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ወንድሟ ይህን ስነግረው በስልክ አለቀሰ፤ «እኔ ነኝ ያደረግኩት» አለ። አይደለህም አልኩት።

የሰውየው የቴሌግራም ገጽ አሁንም ክፍት ነው። በመጪው ቅዳሜ ሆሳዕና እንደሚመጣ፣ ለተመዘገቡ ቅናሽ እንዳለ ጽፏል። የሆቴሉን ስም አውቀዋለሁ። የእህቴ ልጅ ሄዳ ስድስቱን ልጆች አንድ በአንድ ፈልጋቸዋለች፤ አራቱ አብረውን ይመጣሉ። ራጁን ከትልቁ ፖስታ አውጥቼ፣ መስኮቱ ላይ ለጥፌ፣ ኮሪደሩ ላይ ተራ ለሚጠብቁት ሁሉ ክራንቻው የት እንደተጋደመ በጣቴ አሳያለሁ።